ስለ ዐለታማው የባሕር ዳርና በደንጊያ ውስጥ ስለሚገኘው ዛጎል

በትግራይ፥ በዓባይ ሸለቆና በሐረርጌ አገር ከብት የሚጠብቅ ልጅ አንዳንድ ጊዜ ከገደል ሥር የዛጎል መልክ ያለው ደንጊያ ያገኛል። ደንጊያው ሁለት ክዳን የገጠመ፥ ጀርባው የተሸነሸነ፥ ወይም እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ ነው። ልጁም ወደ መምህሩ ወይም ወደ አንድ ሽማግሌ ይዞት ይሄድና፥ «ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ዛጎል ከወዴት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሕፃን ይሁን እንጂ መልሱ ለትልቅ ሰውም ቀላል አይደለም። «እንዲሁ ሆኖ የተፈጠረ ደንጊያ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው መልስ የልጁን ዓይን ይዘጋል እንጂ አይከፍትም።

ጥያቄውን በሚገባ ለመመለስ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ይኸውም አንደኛ፥ በሕይወት ያሉት የባሕር ፍጥረቶች እንዴት እንደሚኖሩ፤ ሁለተኛ፥ የሞቱት እንዴት ወደ ደንጊያ እንደሚለወጡ ነው። እነዚህ ሁለቱ ጐን ለጐን የሚታዩት ዐለታማ በሆነ የባሕር ዳር ነው። ከእንዲህ ያሉትም ሥፍራዎች እጅግ የታወቀው በእንግሊዝ አገር በደቡብ በኩል፥ በዶርሴት ግዛት የሚገኘው የላይም ሪጂስ ባሕር ዳር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ስለዚያ ባሕር ዳር ይነገራል፤ ከዚያም በኋላ ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ ተራራና ሸለቆ ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ባሕሩ መሙላትና መጕደል

ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው የባሕር ውሃ እንደ ሐይቅ ውሃ ሁልጊዜ በአንድ ሥፍራ የሚቆም ይመስለዋል። ነገር ግን እንዲህ አይደለም። በላይም ሪጂስ ውሃው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያህል ወደ ምድር ይወጣል፤ ሁለት ጊዜም ወደ ኋላው ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሁለተኛው ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ የሙላቱ ጊዜ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፥ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው። ለጨረቃ ቅርብ በሆነው ወገን ያለው ውሃ ከምድሪቱ ይልቅ ይሳባል፤ በሌላው ወገን ያለው ደግሞ ከምድሪቱ ያነሰ ስለሚሳብ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ውሃው በሁለቱም ወገን ከፍ ይላል፤ ምድርም በራስዋ ዛቢያ ስትዞር ባሕር ዳሩ በሁለቱ ከፍታዎች ሥር ያልፋል። ፀሐይም እንዲሁ ትስባለች፤ ዳሩ ግን ርቀቷ ብዙ ስለ ሆነ ኀይሏ የጨረቃን ኀይል እኩሌታ አይደርስም። ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ ሁለቱ በአንድ መስመር ስለሚስቡ ሙላቱም ጕድለቱም ይበረታል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ግን ይደክማል። እንግዲህ በባሕረ ሐሳብ የጨረቃን ሌሊት መቍጠር የሚያውቅ ሊቅ፥ ባሕር በዓይኑ ሳያይ፥ ታላቁ ሙላት በየትኛው ቀን ገደማ እንደሚሆን ሊናገር ይችላል።

በላይም ሪጂስ በበረታው ጊዜ በሙላቱና በጕድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ውሃው ሲሸሽ ከገደሉ ሥር ጀምሮ ሰፊ የዐለት ንጣፍ ይገለጣል። በዚያ ንጣፍ ላይ የሚኖር ፍጥረት ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ኑሮ ይኖራል፤ ጥቂት ሰዓት ዓሣ እንደሚኖር በጨው ውሃ ውስጥ፥ ጥቂት ሰዓት ደግሞ በፀሐይና በነፋስ።

ስለ ዐለቱ ነዋሪዎች

በኢትዮጵያ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ አዝመራው እየተለወጠ ሲሄድ ያያል። በቆላ ማሽላ፥ በወይና ደጋ ጤፍ፥ በደጋ ገብስ ይበቅላል። በባሕር ዳር ዐለት ላይም እንዲሁ ያለ መደብ አለ፤ ነገር ግን የቀን መንገድ የሚያህለው ልዩነት በዚያ በጥቂት እርምጃ ያልቃል። መደቡን የሚለየውም ብርድና ሙቀት ብቻ ሳይሆን፥ ፍጥረቱ ከውሃ ውጭ የሚቆይበት የጊዜ ርዝመት ነው።

ከሁሉ በላይ ባለው፥ የማዕበል ፍንጣቂ ብቻ በሚደርስበት መደብ፥ ግራጫና ቢጫ የደንጊያ ሽበት ይታያል። ከዚያ ዝቅ ሲል ዐለቱ የኖራ ነጠብጣብ የፈሰሰበት ይመስላል። ቀርበው ቢያዩት ግን እያንዳንዱ ነጠብጣብ ምስር ወይም አተር የምታህል፥ ጫፏ ክፍት የሆነች ትንሽ ቅርፊት ናት። ይህ ፍጥረት ባርናክል ይባላል። ቀንድ አውጣ ይመስላል እንጂ የሸርጣን ዘመድ ነው። በሕፃንነቱ በባሕር ውስጥ ይዋኛል፤ ሲያድግ ግን ዐለት መርጦ ራሱን በሙጫ ያጣብቅና በዙሪያው ቅርፊት ይሠራል። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ከሥፍራው አይነሣም። ውሃው ሲመጣ ክዳኑን ከፍቶ እንደ ላባ ባሉት እግሮቹ ምግቡን ከውሃው ይጠርጋል፤ ውሃው ሲሸሽ ጥቂት እርጥበት ይዞ ይዘጋል። ቻርልስ ዳርዊን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ከ1846 እስከ 1854 ድረስ ስምንት ዓመት ያህል ይህን ትንሽ ፍጥረት ሲመረምር ኖረ።

ባርናክል ከአንድ የሚበልጥ ዓይነት አለው፤ አንዱ ከላይ፥ ሌላው ከታች ይኖራል። ጆሴፍ ኮኔል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በስኮትላንድ ባሕር ዳር ምክንያቱን መርምሮ በ1961 አስታወቀ። የላይኛው ዓይነት ከታች መኖር የማይችል ሆኖ አይደለም፤ የታችኛው ከዐለቱ ላይ በተነሣለት ጊዜ እስከ ታች ድረስ በደኅና ኖረ። ነገር ግን የታችኛው ፈጥኖ ስለሚያድግ ጐረቤቱን ከሥሩ እየፈነቀለና እየተጫነ ይገድለዋል። የታችኛው ደግሞ ወደ ላይ እንዳይወጣ ድርቀት ይከለክለዋል። ስለዚህ በብዙ ሥፍራ የመደቡን የላይኛውን ወሰን ፀሐይ፥ የታችኛውን ወሰን ጐረቤትና ጠላት ይወስኑታል።

ከባርናክሉ መካከል ሊምፔት የሚባለው ፍጥረት አለ። ቅርፊቱ እንደ ጎጆ ቤት ክዳን ሾጣጣ ነው። ውሃው ሲሞላ ከሥፍራው ተነሥቶ በዐለቱ ላይ ያደረውን ቀጭን አረንጓዴ ሻጋታ እየፋቀ ይሰማራል፤ ውሃው ሳይጐድል ግን በሚያስደንቅ አኳኋን ወደ ተነሣበት ቦታ ይመለሳል። የቅርፊቱ ከንፈር ከዐለቱ ጋር እየተፋጨ ስለሚያድግ ከገዛ ቦታው ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል፤ እርጥበቱም አያመልጥም። ከሌላ ቦታ ቢያኖሩት ግን አይገጥምለትም። ምላሱ በጥቃቅን ጥርሶች የተሞላ ነው፤ ጥርሶቹም ብረት ያለበት ማዕድን ስላላቸው ዐለት ይፍቃሉ።

ከዚህ ዝቅ ብሎ ጥቁር ሰማያዊ ዛጎል ያለው መስል የሚባል ፍጥረት በሐር በሚመስል ክር ራሱን ከዐለቱ ጋር አስሮ ይኖራል። በአጠገቡም ጠላቱ አለ፤ ይህም ሥጋ በል የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። በምላሱ ጥርስና ከገላው በሚያወጣው ፈሳሽ የመስሉን ቅርፊት በስቶ ሥጋውን ይመጠዋል። በባሕር ዳር በወደቀ ዛጎል ላይ በመሰርሰሪያ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ውሃው ሲሸሽ በዐለቱ ጕድጓዶች ውስጥ ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። በኩሬው ዳር የረጋ ደም የሚመስል ቀይ ድቡልቡል ነገር ተጣብቆ ይታያል። ውሃ ሲሸፍነው ግን እንደ አበባ ይፈካል። ይህ አኔሞን የሚባል እንስሳ ነው እንጂ አበባ አይደለም፤ ቅጠል የሚመስሉት ክንዶቹ መርዝ አላቸው፥ ትንሽ ዓሣ ወይም ሌላ ነፍሳት ሲነካቸው አደንዝዘው ወደ አፉ ይወስዱታል። በዚያው ኩሬ ውስጥ የገዛ ቅርፊቱ ጀርባውን የማይሸፍንለት አንድ ዓይነት ሸርጣን፥ የሞተ ቀንድ አውጣ ቤት ውስጥ ገብቶ ቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሲያድግም ቤት ይለውጣል። ኮከብ ዓሣ ደግሞ አምስት ክንዱን በመስሉ ላይ ዘርግቶ ሁለቱን ክዳን ቀስ በቀስ ይጐትታል፤ ጥቂት በተከፈተ ጊዜም ሆዱን በአፉ አውጥቶ በዛጎሉ ውስጥ በማግባት ሥጋውን በዚያው ይፈጨዋል።

እነዚህ ሁሉ ሲሞቱ ሥጋቸው ይበሰብሳል፤ ቅርፊታቸው ግን ይቀራል። የሚበዛውን ማዕበል ሰባብሮ አሸዋ ያደርገዋል። ጥቂቱ ግን ጸጥ ባለ ሥፍራ በጭቃ ውስጥ ይቀበራል። የደንጊያው ዛጎል ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ስለ ገደሉና ስለ ተደራረበው ደንጊያ

በላይም ሪጂስ ከዐለቱ ንጣፍ ፊቱን ወደ ምድር የሚመልስ ሰው ከፊቱ ረጅም ገደል ያያል። በገደሉም ውስጥ ሰማያዊ ግራጫ የኖራ ደንጊያና ጥቁር የሸክላ ጭቃ እየተፈራረቁ ተደራርበዋል። ብዙ እንጀራ በመሶብ ውስጥ ተደራርቦ ሲገኝ፥ አስቀድሞ የገባው ከታች ያለው መሆኑን ማንም ያውቃል። ንጣፉ ካልተገለበጠ በቀር የደንጊያም ሥርዓት እንዲሁ ነው። ይህን ሥርዓት በ1669 ጽፎ ያስታወቀው ኒኮላስ ስቴኖ የተባለው የዴንማርክ ሰው ነው።

እያንዳንዱ ንጣፍ በጥንት ዘመን ከባሕር በታች የረጋ ጭቃ ነበረ። ዛጎል በጭቃው ውስጥ በተቀበረ ጊዜ ሌላ ጭቃ በላዩ ወረደበት፤ በዚያም ላይ ሌላ ተጨመረ። ክብደቱ ውሃውን እየጨመቀ አወጣው፤ በውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድንም የጭቃውን ቅንጣቶች እንደ ጭቃ ምርጊት አያያዛቸው። የዛጎሉ ቅርፊት አንዳንዱ እንዳለ ቀረ፤ አንዳንዱ በሌላ ማዕድን ተተካ፤ አንዳንዱም ሟሙቶ ጠፋና ቅርጹን ብቻ በደንጊያው ላይ ትቶ ሄደ። እንዲህ ያለውን የጥንት ፍጥረት ቅሪት ሊቃውንት ቅሪተ አካል ይሉታል። ከዚህ በኋላ በምድር ውስጥ ባለው ኀይል የባሕሩ ወለል ከፍ አለና ምድር ሆነ። ዛሬ ደግሞ ማዕበሉ የገደሉን ሥር እየበላ፥ ዝናሙም ሸክላውን እያራሰ ያፈርሱታል፤ ጥንት የተቀበረውም ይገለጣል።

በዚህ ባሕር ዳር ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ቅሪተ አካል አሞናይት ነው። እንደ አውራ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ነው፤ ስሙም የመጣው የበግ ቀንድ ካለው የጥንት ግብጻውያን ጣዖት ከአሞን ነው። ቅርፊቱ በብዙ ክፍል የተከፋፈለ ነው፤ እንስሳው በመጨረሻው ክፍል ይኖር ነበር፤ በሌሎቹ ክፍሎች ያለው አየርም ተንሳፎ እንዲዋኝ ይረዳው ነበር። ከከተማው በምዕራብ በኩል ባለው ሞንማውዝ በሚባለው ባሕር ዳር ታላላቅ አሞናይቶች በዐለቱ ንጣፍ ላይ በብዛት ታትመው ይታያሉ። በላያቸውም ሕያዋን ሊምፔቶችና ባርናክሎች ተጣብቀው ይኖራሉ። እነሆ፥ በአንድ እርምጃ ላይ የዛሬው ዛጎልና የጥንቱ ዛጎል ተገናኝተው ይገኛሉ።

ይህ ደንጊያ ዕድሜው 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይህ እንዴት ታወቀ ቢሉ፥ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ በሚገኙ አንዳንድ ማዕድናት ውስጥ ዩራንየም የሚባለው ንጥረ ነገር ጥቂት በጥቂት ወደ እርሳስ ይለወጣል። የመለወጡ ፍጥነት የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የሁለቱን መጠን በመለካት የአመዱን ዕድሜ ማስላት ይቻላል። አሞናይቶች ደግሞ በየዘመኑ መልካቸው ስለሚለወጥ፥ አመድ በሌለበት አገር የተገኘ አሞናይት አመድ ባለበት አገር ከተገኘው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፥ ሁለቱ ንጣፎች የአንድ ዘመን መሆናቸው ይታወቃል።

ስለ ሜሪ አኒንግ

የላይም ሪጂስን ደንጊያ ከሁሉ ይልቅ ያነበበችው የተማረች ወይዘሮ አልነበረችም። ሜሪ አኒንግ በ1799 ከአናጺ ቤት ተወለደች። አባቷ ከገደሉ ሥር ቅሪተ አካል እየለቀመ ለመንገደኞች ይሸጥ ነበር፤ እርስዋና ወንድምዋም ሥራውን ከእርሱ ተማሩ። አባቷ በ1810 ሲሞት ለቤተ ሰቡ ዕዳ እንጂ ገንዘብ አልተወም። በ1811 ወንድምዋ ጆሴፍ ከ1 ሜትር የሚበልጥ የራስ ቅል አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሜሪ የቀረውን አጥንት ፈልጋ አገኘች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ገና 12 ወይም 13 ዓመት ነበረ። ይህ አጥንት ኢክቲዮሳውር፥ ትርጓሜውም የዓሣ እንሽላሊት፥ የተባለው ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው የባሕር አውሬ ነው። በ23 ፓውንድ ተሸጠ።

በ1823 ደግሞ አንገቱ እጅግ የረዘመ፥ ፕሌሲዮሳውር የተባለ ሌላ አውሬ ሙሉ አጥንቱን አገኘች። ዦርዥ ኩቪየ የተባለው ታላቁ የፈረንሳይ ሊቅ አንገቱ እንደዚህ ሊረዝም አይችልም ብሎ ተጠራጠረ፤ ነገሩ ከተመረመረ በኋላ ግን እውነት መሆኑን ተቀበለ። በ1828 ሦስተኛ፥ በሰማይ ይበር የነበረ እንሽላሊት አገኘች። በኢክቲዮሳውር አጥንት ሆድ ዕቃ ሥፍራ የሚገኙት ድቡልቡል ደንጊያዎች ሲሰበሩ የዓሣ አጥንትና ቅርፊት እንደሚታይባቸውም አስተዋለች፤ ዊልያም ባክላንድ የተባለው ሊቅም በዚህ ተመርቶ ደንጊያዎቹ የአውሬዎቹ ኵስ መሆናቸውን በ1829 አስረዳ።

ይህ ሁሉ የተገኘው በቀላል አልነበረም። ቅሪተ አካል ለመልቀም የሚመቸው በክረምት ማዕበል ገደሉ ከፈረሰ በኋላ፥ ውሃው ተመልሶ ሳይሞላ ነው። በ1833 የገደሉ ናዳ አብሯት የነበረውን ውሻዋን ገደለው፤ እርስዋ ለጥቂት ተረፈች። በሎንዶን የነበረው የሥነ ምድር ሊቃውንት ማኅበር በዚያን ጊዜ ሴትን በአባልነት አይቀበልም ነበር፤ እርስዋ ያገኘችውን እየተመለከቱ የጻፉትም ሰዎች ስሟን ሳይጠሩ የቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ሜሪ አኒንግ በ1847 በ47 ዓመቷ ሞተች። በ2022 በተወለደችበት ከተማ ሐውልት ቆመላት። ታሪኳ ለመንደር ትምህርት ቤት የሚያስፈልግበት ምክንያት ይህ ነው፤ ዓይን ያለውና የሚታገሥ ሰው፥ ድኻም ቢሆን፥ ሕፃንም ቢሆን፥ ሊቃውንት ያላዩትን ሊያይ ይችላል።

በኢትዮጵያ ደንጊያ ውስጥ ስላለው ባሕር

ዛሬ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ደንጊያዋ ግን የጥንት ባሕር ጠረፍ ነው። በ1868 ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ ወደ መቅደላ ከሚሄደው የእንግሊዝ ጦር ጋር በትግራይ ሲያልፍ በሕንጣሎ አጠገብ የባሕር ዛጎል ያለበትን የኖራ ደንጊያ አየ፤ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍም በዚያው አገር ስም ሰየመው። ይህ የሕንጣሎ ኖራ ደንጊያ ከላይም ሪጂሱ ደንጊያ ጥቂት ያንሳል እንጂ በዚያው ጁራሲክ በሚባለው ታላቅ ዘመን የተፈጠረ ነው፤ ዕድሜውም ከ150 እስከ 165 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በመቀሌ ዙሪያ ውፍረቱ በመቶ በሚቈጠር ሜትር ይለካል። በውስጡ ሁለት ክዳን ያላቸው ዛጎሎች፥ የባሕር ቀንድ አውጣዎች፥ መርጃን የሚባለው ኮራል፥ በአንዳንድ ሥፍራም አሞናይት ይገኛሉ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ ሲወርድ ይህንኑ ታሪክ ከላይ ወደ ታች ያየዋል። በአፋፉ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ደንጊያ አለ። ከዚያ በታች የአሸዋ ደንጊያ፥ ከዚያም በታች ዛጎል ያለበት የኖራ ደንጊያ፥ ከእርሱም በታች ጀሶና ሸክላ፥ በመጨረሻም ሌላ የአሸዋ ደንጊያ ይገኛል። እንደ መሶቡ እንጀራ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ትርጓሜው እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ወንዝ አሸዋ የሚያፈስበት የብስ ነበረ። ቀጥሎ ጥልቀት የሌለው ባሕር ገባ፤ ፀሐይም እያተነነው ጀሶውን ተወ። ከዚያ ባሕሩ ሰፋ፥ ዛጎሎችም ኖሩበት። በኋላ ባሕሩ ሸሸ፥ አሸዋም ተመልሶ መጣ። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፥ እሳተ ገሞራ ሁሉን ሸፈነው። ምድሪቱም ከፍ ከፍ አለች፤ ዓባይ ግን እየቈረጠ ወርዶ የተሸፈነውን ገለጠው። በላይም ሪጂስ ማዕበል የሚሠራውን በኢትዮጵያ ወንዝ ሠራው።

ከዚህ እጅግ የቀረበ ዘመን ታሪክ ደግሞ በሰሜን አፋር አለ። የደናክል ቈላ በዳሎል አጠገብ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። በዳርቻው የሞተ ኮራል ቆሞ ይታያል። ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ በሆነው ዘመን ቀይ ባሕር ወደዚያ ገብቶ እንደ ነበረ ይህ ይመሰክራል። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፤ ውሃውም ተንኖ ጨው ተወ። በግመል እየተጫነ ወደ ደጋ የሚወጣው፥ በጥንት ጊዜም እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው የአሞሌ ጨው ከዚያ ሜዳ የሚቈረጥ ነው። ባሕርን አይቼ አላውቅም የሚል ሽማግሌ ባሕር ትቶት የሄደውን ጨው በወጡ ውስጥ ቀምሷል።

ስለ ዛጎሉ አመጣጥ ብዙ ሰዎች የኖኅ ውሃ ወደ ተራራ ያወጣው ነው ይላሉ። በኤውሮጳም ይህ አሳብ ብዙ ዘመን ቆይቷል። በ1519 የሞተው ኢጣልያዊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ግን የተራራውን ዛጎሎች መርምሮ፥ ሁለቱ ክዳኖች እንደ ተጋጠሙ በብዙ ንጣፍ ላይ መገኘታቸውን አስተዋለ። ኀይለኛ ውሃ ከሩቅ አገር ቢያመጣቸው ኖሮ ክዳኖቹ በተለያዩና ሁሉም በተደባለቀ ነበር። ስለዚህ በዚያው ኖረው በዚያው ሞተው በዚያው ተቀብረዋል አለ። መምህሩ ይህን ሲያስረዳ የሽማግሌዎችን ሃይማኖት ለመንቀፍ አይደለም፤ ደንጊያው ስለ ራሱ የሚመሰክረውን ለማስነበብ ነው።

መምህራን ሊያደርጉት ስለሚገባ ነገር

የኖራ ደንጊያን ለመለየት ደንጊያውን ጥቂት ፍቆ በዱቄቱ ላይ ሎሚ መጭመቅ ይበቃል፤ የኖራ ደንጊያ ከሆነ አረፋ እየሠራ ይፈላል። የሚፈላው ሎሚው ከዛጎልና ከኖራ ውስጥ አየር ስለሚያስወጣ ነው። የእንቍላል ቅርፊትም ተፈጭቶ እንዲሁ ቢደረግበት ይፈላል፤ ተማሪዎች በዚህ የሕያው ፍጥረት ቅርፊትና ደንጊያው አንድ ዓይነት ነገር እንዳላቸው በዓይናቸው ያያሉ።

ተማሪ ዛጎል ያለበት ደንጊያ ባመጣ ጊዜ መምህሩ አስቀድሞ፥ «ከየት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቀው። ከአፋፉ ነው ወይስ ከታች? ከገደሉ ውስጥ ነው ወይስ ወድቆ ከወንዙ ዳር? ይህን በወረቀት ጽፎ ከደንጊያው ጋር ያኑረው። ሥፍራው ያልታወቀ ቅሪተ አካል ምዕራፉ እንደ ጠፋ ጥቅስ ነውና። ተማሪዎችም ከሚፈርስ ገደል ሥር እንዳይቆሙ፥ በክረምትም ወንዝ እንዳይወርዱ ይከልክላቸው። ታላቅ አጥንት ወይም እንግዳ የሆነ ነገር የተገኘ እንደ ሆነ፥ ቈፍሮ ከማውጣት ይልቅ ባለበት ትቶ ለቅርስ ጠባቂው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ይሻላል።

የኖራ ደንጊያ ለብዙ ሥራ ያስፈልጋል። ቤት ይሠራበታል፤ ተቃጥሎ ኖራ፥ ተቃጥሎና ተፈጭቶም ሲሚንቶ ይሆናል። በላይም ሪጂስም የባሕር ዳሩ ደንጊያ እየተፈለጠ ለኖራና ለሲሚንቶ ይቃጠል ነበር። ይህ ተገቢ ሥራ ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ደንጊያው ወደ እቶን ከገባ በኋላ ዛጎሉ ዳግመኛ አይነበብም። ስለዚህ ደንጊያ ፈላጩም፥ ግንበኛውም፥ እረኛውም መልክ ያለውን ደንጊያ ለይተው ለትምህርት ቤቱ እንዲሰጡ ሽማግሌዎች ቢመክሩአቸው፥ ብዙ ዋጋ የሌለው መስሎ የሚጠፋው ነገር ለመንደሩ ልጆች መጽሐፍ ይሆናል።

እንግዲህ ልጁ ደንጊያውን ይዞ በመጣ ጊዜ መልሱ ይህ ነው፤ ዛጎሉ ወደ ተራራው አልወጣም፤ ተራራው ራሱ ባሕር ነበረ። በዚያም ባሕር ውስጥ፥ ዛሬ በላይም ሪጂስ ዐለት ላይ እንደሚኖሩት፥ ቅርፊታቸውን እየከፈቱና እየዘጉ የሚመገቡ ፍጥረቶች ይኖሩ ነበር። ሞቱ፥ በጭቃ ተቀበሩ፥ ከጭቃው ጋር ደንጊያ ሆኑ፥ ከምድሪቱ ጋር ከፍ አሉ፤ ወንዝም ገለጣቸው። ከዚህም በኋላ መምህሩ ደንጊያውን ለልጁ መልሶ፥ የተገኘበትን ገደል እንዲያሳየው አብሮት ይሂድ።